ቡልኮ አንዲት ቅጠል ጎመን ፈለገች

ጭራ ስለሌላት እንስሳ፣ ጭራው የረዘመ ተረት ልንገራችሁ። የምትሰሙ ጠጋ በሉ፤ የምታንቀላፉ ግድግዳ ያዙ።

ወለላ የምትባል ልጅ ነበረች። ወለላ አንዲት ጊኒ ፒግ ነበረቻት። ጊኒ ፒግ ማለት ከአይጥ የምትበልጥ፣ ከጥንቸል የምታንስ፣ ጆሮዋ የተጨማደደ የአበባ ቅጠል የመሰለ፣ ጭራ የሚባል ነገር ያልተፈጠረላት እንስሳ ናት። ጠጉሯ ወፍራም ስለነበረ ወለላ ቡልኮ ብላ ጠራቻት።

ከአጥሩ ማዶ ኪሩቤል የሚባል ልጅ ጥንቸል ነበረችው። የኪሩቤል ጥንቸል ፉርሽካና ድርቆሽ ብቻ እየበላች እንደ ድንች ጆንያ ተነፋች። አላፊ አግዳሚው በአጥሩ ላይ እየተንጠራራ "እዩአት፣ እዩአት! ምን ታክላለች!" ይላል። ቡልኮን ሲያይ ደግሞ "ይቺ አይጥ ናት?" ይላል። ወለላ ቀናች። ቅናት ደግሞ መጥፎ አስተማሪ ነው፤ የሚያውቀው ትምህርት ኩረጃ ብቻ ነው። ወለላ ለቡልኮ ትሰጣት የነበረውን የሰላጣ ቅጠልና የጎመን ግንድ ሁሉ ተወችና፣ ልክ እንደ ኪሩቤል ፉርሽካና ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ድርቆሽ ታቀርብላት ጀመር።

ቡልኮ ግን አልወፈረችም። ጠጉሯ ተንጨባረረ። የፉርሽካው ከረጢት ሲንኮሻኮሽ ሮጣ ትመጣ የነበረችው፣ አሁን ተኝታ ዓይኗን ብቻ ታዞራለች። የኋላ እግሯ አነከሰ። ጉልበቷ አበጠ። ሊያነሷት ሲሉ ትጮኻለች።

"ወለምታ ነው" አለች የወለላ እናት። ቅቤ አምጥታ እግሯን አሸችላት። ቡልኮ ባሰባት።

"ዓይን ነው" አለ ጎረቤት። "የቀና ሰው አይቷት ነው እንጂ ደህና እንስሳ እንዲህ አይሆንም።"

ወለላ ይህን ስትሰማ የኪሩቤልን አጥር ገላመጠችው። የቀናችው ራሷ መሆኗ ጨርሶ ትዝ አላላትም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቡልኮ አኝካ በተፋችው ፉርሽካ ላይ ደም ታየ። ወለላ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አነጠፈች፣ ቡልኮን አስተኛች፣ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሮጠች። የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሂክመት የቡልኮን ከንፈር በጣታቸው ገለጥ አድርገው ድዷን አዩ።

"ምንድን ነው የምትበላው?"

"ፉርሽካ።"

"ሌላስ?"

"ድርቆሽ።"

"አረንጓዴ ነገርስ?"

"የኪሩቤል ጥንቸል አረንጓዴ አትበላም። ግን ወፍራለች።"

ዶክተር ሂክመት ሳቃቸው መጣና መልሰው ዋጡት። "የኔ ቆንጆ፣ ይቺ እኮ ጥንቸል አይደለችም። ጥንቸል ቫይታሚን ሲ የሚባለውን እዚያው ሰውነቷ ውስጥ ትሠራዋለች። ላምም፣ ውሻም እንደዚያው። ጊኒ ፒግና ሰው ግን አይሠሩም፤ ከምግብ ካላገኙት የላቸውም። ሲያልቅባቸው ድዳቸው ይደማል፣ መጋጠሚያቸው ያብጣል፣ ጠጉራቸው ይከፋል። ይሄ ወለምታም አይደለም፣ ዓይንም አይደለም። ከእንግዲህ እንዳታሿት፤ ውስጥ ውስጡን እየደማ ነው፣ ያማታል።"

መርፌ በሌለው ስሪንጅ መድኃኒት ቀድተው በከንፈሯ ጥግ ጠብ፣ ጠብ አደረጉላት። የቀረውን ለወለላ ሰጧት። "በየቀኑ እንዲህ በአፏ ስጫት። የምትጠጣው ውኃ ውስጥ እንዳትጨምሪው፣ ኃይሉን ያጣል። ግን ስሚኝ፤ መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም። ሆዷ ባዶ ነው። እንደሷ ያለ ፍጥረት ሳይበላ ከዋለ አንጀቱ ሥራ ያቆማል፣ ካቆመ ደግሞ መመለሻ የለውም። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዲት ቅጠል ጎመን ታግኝ። ጥሬውን። ሲቀቀል ቫይታሚኑ ይጠፋል።"

"ካላገኘችስ?"

ዶክተር ሂክመት የካርቶኑን ክዳን ቀስ አድርገው መለሱት።

አንዲት ቅጠል ጎመን! ይሄ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው? ትላላችሁ። ነገር ግን ወሩ የካቲት ነበር፤ ዝናብ የለም፣ ገበያው የሚቆመው ከነገ ወዲያ ነው፣ በሰፈሩ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ያለው በእትዬ ተዋበች ጓሮ ብቻ ነው። ወለላ ካርቶኗን አቅፋ እትዬ ተዋበች በር ላይ ደረሰች።

"እትዬ ተዋበች፣ እባክዎ አንዲት ቅጠል ጎመን ይስጡኝ። ቡልኮ ልትሞትብኝ ነው።"

እትዬ ተዋበች ወገባቸውን ያዙ። "ስጪ፣ ስጪ፣ ስጪ! ሰው ሁሉ እኔ ዘንድ የሚመጣው ሊወስድ ነው። ዶሮዬ እንኳ የኔን ገብስ በልታ ሄዳ የምትጥለው ወፍጮ ቤት ነው! ዛሬ ጠዋት የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ 'እንቁላል ጠብሰን በላን' ብላ በደጄ ላይ ስትንጎራደድ ነበር። እኔ ምን በላሁ? ጎመን! ዶሮዬ ወደ ቤቷ ካልገባች አንዲት ቅጠል አልቆርጥም።"

ወለላ ክዳኑን ከፈት አድርጋ አየች። ቡልኮ ትተነፍሳለች። ወለላ ወደ ወፍጮ ቤት ሄደች። ዶሮዋ ጆንያ ክምር ላይ እንደ እመቤት ተደላድላለች።

"ዶሮ ሆይ፣ ቤትሽ ግቢ። አንቺ ካልገባሽ እትዬ ተዋበች ጎመን አይቆርጡም፤ ጎመን ካልተቆረጠ ቡልኮ አትድንም።"

"አልገባም" አለች ዶሮዋ። "ገብቼ ምን ላደርግ? ድሮ አውራ ዶሮው አንዲት ጥሬ ካገኘ ቆቅ፣ ቆቅ፣ ቆቅ ብሎ የሚጠራው እኔን ነበር። እኔ ሳልመጣ አይነካትም ነበር። አሁን ጋሽ ደምሰው መስኮት ሥር ቆሞ ይውላል። እዚያ ማን እንዳለች እኔ ምን አውቃለሁ! አንዷ ትኖራለች። እሱ ራሱ ካልጠራኝ ክንፌን አላነሳም።"

እንግዲህ ቡልኮ ጎመን ካላገኘች አትድንም፣ እትዬ ተዋበች ዶሮዋ ካልገባች ጎመን አይቆርጡም፣ ዶሮዋ አውራው ካልጠራት አትገባም። ወለላ ወደ አውራ ዶሮው ሄደች።

ጋሽ ደምሰው ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤታቸው ከመንገዱ ዳር ነው፤ መስኮታቸው ትልቅ መስታወት አለው። አውራ ዶሮው ከመስኮቱ ፊት የአንገቱን ላባ አቁሞ "ና ውጣ! ወንድ ከሆንክ ውጣ!" እያለ ይጮኻል።

"አውራ ዶሮ ሆይ፣ ዶሮህን ጥራት። አንተ ካልጠራሃት አትገባም፤ እሷ ካልገባች እትዬ ተዋበች ጎመን አይቆርጡም፤ ጎመን ካልተቆረጠ ቡልኮ አትድንም።"

"ዞር በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለ አውራ ዶሮው። "ይሄን ደፋር አታይውም? በሰፈሬ መጥቶ! ክንፌን ሳነሳ ክንፉን ያነሳል። ስጮኽ አፉን ይከፍታል። ሁሉን ነገር ይኮርጀኛል!"

"እሱ እኮ አንተው ነህ። መስታወት ነው።"

አውራ ዶሮው አንገቱን ቀስሮ አያት። "እኔ እንዲህ አስቀያሚ ነኝ? ተይ እንጂ! ባይሆን ዓይኑን እዪው፤ ቅናት ያቃጠለው ነው። ይሄ ዶሮ ከመስታወቱ ካልጠፋ ማንንም አልጠራም። እኔ ፊቴን ሳዞር እሱ ቢጠራትስ?"

ወለላ አሰበች። መስኮቱ ቢከፈት መስታወቱ ወደ ግድግዳው ይዞራል። መስታወቱ ከዞረ የመስታወቱ ዶሮ ይጠፋል። ክዳኑን ከፈት አድርጋ አየች። ቡልኮ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ላይ አንዲት የደም ጠብታ አለች። ወለላ በሩን አንኳኳች።

ጋሽ ደምሰው በሩን የከፈቱት ስንጥቅ ያህል ነው። ቤቱ ውስጥ ጨለም ብሏል። የስፌት መኪናቸው ላይ ጨርቅ የለም፤ ወንበራቸው ግን ከመስኮቱ ጋር ተጠግቷል።

"ጋሽ ደምሰው፣ እባክዎ መስኮቱን ይክፈቱልኝ። መስኮቱ ካልተከፈተ የመስታወቱ ዶሮ አይጠፋም፤ እሱ ካልጠፋ አውራው አይጠራም፤ አውራው ካልጠራ ዶሮዋ አትገባም፤ ዶሮዋ ካልገባች እትዬ ተዋበች ጎመን አይቆርጡም፤ ጎመን ካልተቆረጠ ቡልኮ አትድንም።"

"ድምፅሽን ቀንሺ!" አሉ ጋሽ ደምሰው። "መስኮቱን ብከፍተው እያየሁ መሆኔ ይታያል።"

"ምኑን ነው የሚያዩት?"

"ስንዱን ነዋ!" በጣታቸው ወደ መንገዱ ማዶ ጠቆሙ። እዚያ የስንዱ ልብስ ስፌት አለ፤ በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሏል። "ቁልፍ መትከል ያስተማርኳት እኔ። ጠርዝ መዘምዘም ያስተማርኳት እኔ። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚቆመው ማን በር ላይ ነው? ስፌቷ በልጦኝ ነው? በፍጹም! እዪ ያቺን ድመት። የጨርቁ ጣቃ ላይ ተዘርግታ ትተኛለች። ሰው ድመቷን ሊያይ ይቆማል፣ ቆሞ ጨርቁን ይነካል፣ ነክቶ ዋጋ ይጠይቃል፣ ጠይቆ ይለካል። እኔ ምን አለኝ? ደጄ ላይ የሚጮኽ ዶሮ! ያቺ ድመት ከጣቃው ካልወረደች መስኮቴን አልከፍትም። ምንም ብትዪ አልከፍትም።"

ከዚህ በኋላ እኔ ራሴ እንዳይጠፋብኝ ልቁጠረው። ቡልኮ ጎመን ካላገኘች አትድንም፣ እትዬ ተዋበች ዶሮዋ ካልገባች ጎመን አይቆርጡም፣ ዶሮዋ አውራው ካልጠራት አትገባም፣ አውራው የመስታወቱ ዶሮ ካልጠፋ አይጠራም፣ የመስታወቱ ዶሮ መስኮቱ ካልተከፈተ አይጠፋም፣ ጋሽ ደምሰው ድመቷ ካልወረደች መስኮቱን አይከፍቱም። ፀሐይዋም ይህን ሁሉ ቆማ አልሰማችም፤ ወደ ኮረብታው እያዘነበለች ነው።

ወለላ መንገዱን ተሻገረች። በሰው መሃል ተጋፍታ ስትገባ ስንዱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቀና አለች።

"ስንድዬ፣ ድመትሽን አውርጂልኝ።"

"የኔ አይደለችም እኮ" አለች ስንዱ። "ክረምቱ ሲወጣ ራሷ መጣች፣ ራሷ ተኛች። ተነሽ ብላት ትቧጭረኛለች። እስቲ አንቺ ለምኛት።"

ወለላ ወደ ጣቃው ቀረበች። ድመቷ ነጭ ናት፤ ግንባሯ ላይ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስል ግራጫ ምልክት አለ። ወለላ ጎንበስ ብላ አየቻት።

"ሻሾ?"

ሻሾ የወለላ ድመት ነበረች። ቡልኮ ከመምጣቷ በፊት፣ ወለላ ስታጠና ጭኗ ላይ የምትተኛው፣ ስትበላ ከአጠገቧ የምትቀመጠው ሻሾ ነበረች። ቡልኮ በመጣች ሰሞን ሻሾ ጠፋች። "ድመቷ የት ሄደች?" ሲሏት ወለላ "ትመጣለች" ትል ነበር። ወጥታ ግን አልፈለገቻትም።

"ይቺን የስንዱን ድመት እዩልኝ!" አለች አንዲት ሴት ከኋላ። "ጠጉሯ እንዴት ያምራል!"

የስንዱ ድመት! የወለላን ልብ አንድ ነገር ቆነጠጠው። የኔ ናት ልትል አፏን ከፈተች፤ ወጥታ እንዳልፈለገቻት ግን ትዝ አላት።

"ሻሾ፣ ውረጂልኝ" አለች ቀስ ብላ። "አንቺ ካልወረድሽ ጋሽ ደምሰው መስኮቱን አይከፍቱም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ የመስታወቱ ዶሮ አይጠፋም፤ እሱ ካልጠፋ አውራው አይጠራም፤ አውራው ካልጠራ ዶሮዋ አትገባም፤ ዶሮዋ ካልገባች እትዬ ተዋበች ጎመን አይቆርጡም፤ ጎመን ካልተቆረጠ ቡልኮ አትድንም።"

ሻሾ አንድ ዓይኗን ከፈተች። "ቡልኮ ማን ናት?"

"ታውቂያታለሽ።"

"አዎ፣ አውቃታለሁ። ጭራ የሌላት።" ሻሾ የራሷን ጭራ አነሳችና ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። "እኔ አንድ ጭን ነበረኝ። አንድ ቀን ልተኛበት ስመጣ ሌላ ሰው ተኝቶበታል። 'ሂጂ ወዲያ ሻሾ' ተባልኩ። ሄድኩ። 'ወዲያ' የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው። እዚህ ጭን የለም፣ ጣቃ ነው ያለው። ጣቃ ይቀዘቅዛል፤ ግን ሂጂ አይልም።"

"እኔ እኮ የምትመጪ መስሎኝ ነበር።"

"ጠርተሽኝ ነበር?"

ወለላ ካርቶኗን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች። ስንዱ መቀሷን አስቀመጠች።

"ጭኔ ካልተመለሰልኝ አልወርድም" አለች ሻሾ፤ ዓይኗንም መልሳ ጨፈነች።

ከእትዬ ተዋበች እስከ ጋሽ ደምሰው፣ በየደጁ የቀና ነበር፤ ወለላም በየደጁ እየቆመች ሌላውን ስትለምን ዋለች። የዚህ ሁሉ ጫፍ የተቋጠረው ግን በራሷ ቀሚስ ላይ ነበር። ካርቶኑን ከእቅፏ አውርዳ በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጠችው። እሷም አቧራው ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷን ዘረጋች።

"ነይ ሻሾ።"

"ያቺስ?"

"እሷ ታማለች።"

"ስትድንስ?"

"ጭኔ ሁለት ነው። አንዱ ያንቺ ነው።"

"የትኛው?"

"ቀኙ።"

ሻሾ አሰበች። የፊት እግሯን ላሰች። ሌላውንም ላሰች። "አይ ድመት፣ ትወርጂያለሽ ወይስ አትወርጂም!" አለች ከኋላ ያለችው ሴት፣ ጭንቋን መቻል አቅቷት። ሻሾ ጀርባዋን ዘርጋ አደረገች፤ ከጣቃው ላይ ዱብ አለች፤ ወለላ ቀኝ ጭን ላይ ተጠቀለለች።

ያን ጊዜ ምን ሆነ መሰላችሁ! ድመቷ ስትወርድ ሰዉ ከስንዱ በር መበተን ጀመረ። ሰዉ ሲበተን ጋሽ ደምሰው "እሰይ!" ብለው መስኮታቸውን ወለል አደረጉት። መስኮቱ ሲከፈት የመስታወቱ ዶሮ ጠፋ። የመስታወቱ ዶሮ ሲጠፋ አውራው "ፈሪ! ሮጠ!" ብሎ ደረቱን ነፋ፤ መሬቱን ጫር ጫር አድርጎ አንዲት ጥሬ አገኘና ቆቅ፣ ቆቅ፣ ቆቅ አለ። አውራው ሲጠራ ዶሮዋ ከጆንያው ላይ ወርዳ፣ እየተሽኮረመመች፣ "ዛሬ ገና ትዝ አልኩህ?" እያለች ቤቷ ገባች። ዶሮዋ ስትገባ እትዬ ተዋበች ቢላቸውን አነሱ።

ወለላ በአንድ እጇ ካርቶን፣ በሌላው ሻሾን ይዛ ከበራቸው ስትደርስ እትዬ ተዋበች ጎመኑን ቆርጠው ጠበቋት። አንዲት ቅጠል አይደለም፤ እቅፍ ሙሉ ነው። የካርቶኑን ውስጥ ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ውይ፣ በሞትኩት! ይቺን የምታህል ነፍስ ነው እንዴ በር ላይ ያቆምኳት!"

ወለላ ቅጠሏን አጠበች፣ አራገፈች፣ ወደ ቡልኮ አፍንጫ አስጠጋች። ቡልኮ አልተነቃነቀችም። ፀሐይዋ ኮረብታው ላይ ተቀምጣለች። እትዬ ተዋበች ጸሎት ጀመሩ። ወለላ ቅጠሏን ቀደደቻት፤ የተቀደደ ጎመን ይሸታል። የቡልኮ አፍንጫ ነቅነቅ አለ። አንገቷን በጣም በዝግታ አወጣች። የቅጠሏን ጫፍ በጥርሷ ያዘች። ቆመች። ከዚያ ቅርጥም አደረገች። ደግማ ቅርጥም አደረገች። ቅጠሏ ልክ ደብዳቤ ወደ ፖስታ ሣጥን እንደሚገባ፣ ሳታቋርጥ ወደ ውስጥ ገባች።

በአንድ ቅጠል ዳነች ብዬ አልዋሻችሁም። ወለላ በየቀኑ መድኃኒቷን በከንፈሯ ጥግ ጠብ አደረገችላት። በየቀኑ ጥሬ ጎመን ሰጠቻት። ገበያ ሲቆም የዘይቱን ፍሬና የፈረንጅ ቃሪያ ገዛችላት። እናቷም ቅቤውን ለወጥ አደረገችው እንጂ ለእግር አላመጣችውም። መጀመሪያ የድዷ ደም ቆመ፤ ቀጥሎ የጉልበቷ እብጠት ሟሸሸ፤ ጠጉሯ እንደገና ተኛ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወለላ ደጅ ተቀምጣ ታጠናለች። ሻሾ በቀኝ ጭኗ ላይ ትተኛና ሰው የማያይ መስሏት ወደ ግራውም ትዘረጋለች። ቡልኮ ከካርቶኗ አንገቷን አወጣች። ይህን አየች። በዚያ ባነከሰ እግሯ ወጣች፤ ግቢውን አቋርጣ መጣች፤ ወለላ ዝቅ አድርጋ በዘረጋችው ቀሚስ ላይ እየተንፏቀቀች ወጣች፤ አፍንጫዋንም የሻሾ ሆድ ሥር አስገብታ ገፋቻት። ሻሾ ቀና ብላ ዓይኗን አፈጠጠች። ቡልኮ መልሳ ገፋቻት።

"እማዬ! እማዬ ነይ! ቡልኮ ቀናች!"

"ቅናት ደግሞ ምኑ ያስደስታል?" አለች እናቷ ከውስጥ።

"ልትሞት የነበረች እኮ ናት!" አለች ወለላ። "የምትሞት አትቀናም።"

ሻሾ አጉረመረመች፤ ከዚያም ወደ ቀኙ ሰብሰብ አለች።

እኔም ተረቴን እዚህ አወርዳለሁ። ወደየቤታችሁ ስትገቡ ቁጭ በሉና፣ ከጭናችሁ ላይ ማን ሂጂ እንደተባለ፣ ማን ሂድ እንደተባለ አስቡ። አስባችሁም አትቅሩ፤ ውጡና በስሙ ጥሩት።